ያልደረቀው ቀለም

ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ናፍቆት የአያልነሽን በር ስታንኳኳ አባቷ ከሞቱ ዐሥራ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗቸዋል። የአየር መንገድ ዩኒፎርሟን አላወለቀችም፤ የአንገቷ ሻርፕ ወደ ጀርባዋ ዞሮ ተንጠልጥሏል። ግቢ ስትባል ገባች፤ ተቀመጪ ስትባል ግን የሰማች አትመስልም።

«እትዬ፣ አዲስ አበባ እያሉ የወንጀል መርማሪ ነበሩ ይባላል። እውነት ነው?»

«ነበርኩ። አሁን የእርዳታ ዱቄት ሲጠፋ ነው የሚጠሩኝ።»

«አባቴ ትናንት ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከቤታችን ሰገነት ወድቆ ሞተ። አምስተኛ ፎቅ ነው። ፖሊስ ራሱን ጣለ ብሎ ጽፏል። ቀሲስ ብርሃነመስቀልም ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት የለም አሉኝ። ቀብሩ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲሥል ኖሮ፣ አንድ ቄስ ሳይቆምለት አፈር ሊለብስ ነው። ፕሊስ እትዬ። አባቴ ይህን አያደርግም።»

አያልነሽ ለእንዲህ ያለ ልመና ልቧን ቶሎ አትሰጥም። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሃያውን ያሳለፈችው «አባቴ ይህን አያደርግም፣ ባሌ ይህን አያደርግም» የሚሉ ሰዎችን በማዳመጥ ነው፤ አብዛኞቹም ተሳስተው ነበር። ሠዓሊ ሀብተወልድን ግን በሩቁ ታውቃቸዋለች። አጭር፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሽማግሌ ነበሩ። ከጎንደር ገጠር ተነሥተው፣ በሞያሌ አድርገው ናይሮቢ እስኪደርሱ የሣሏቸውን አብያተ ክርስቲያናት ራሳቸውም አይቆጥሯቸውም፤ በአንዱም ሥዕል ግርጌ ስማቸው የለም። ሥዕል ሲጀምሩ ይጾማሉ፤ ሲጨርሱ ሌላ ይጀምራሉ። እንዲህ እያሉ ዕድሜያቸው አለቀ። ከሦስት ዓመት በፊት ወንዱ ልጃቸው ሱራፌል ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ ብሎ ወጥቶ፣ በታሸገ የጭነት መኪና ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ታፍኖ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ድምፃቸው ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። ራሱን የሚያጠፋ ሰው ይፈለግ ቢባል እሳቸው ይበቁ ነበር፤ አያልነሽን ያስፈራትም ይኸው ነው።

«የምትፈልጊውን ልነግርሽ አልችልም» አለቻት። «ያገኘሁትን ነው የምነግርሽ። ያገኘሁት ፖሊስ ያለውን ከሆነ፣ እሱኑ እነግርሻለሁ። ትችይዋለሽ?»

ናፍቆት ራሷን ነቀነቀች። አያልነሽ ቦርሳዋን አነሣች።

ቤቱ ካሳራኒ፣ ከቲካ መንገድ ገባ ብሎ ነው። የግቢው ዘበኛ የእንግዳ መዝገቡን ገልጦ አሳያት። ሐሙስ ዕለት የሽማግሌው ተማሪ ሔኖክ ዘጠኝ ሰዓት ገብቶ ዐሥር ሰዓት ወጥቷል። ሥዕል ነጋዴው ኤልናታን ዐሥር ሰዓት ከሩብ ገብቶ ዐሥር ተኩል ላይ ወጥቷል። ከዚያ በታች ገጹ ባዶ ነው።

«ሌላ ማንም አልገባም?» አለችው በስዋሂሊ።

«በእግሩ የገባ የለም ማዳም። በመኪና የሚገባውን አልጽፍም።»

«ለምን?»

«ባለ መኪና ስሙን ሲጠየቅ ይቆጣል።»

ፎቁ ላይ ኢንስፔክተር ዋፉላ ነበር። ባለፈው ዓመት ሦስት መቶ ኩንታል ዱቄት አብረው አሳድደዋል።

«ማዳም ዱቄት! ዛሬ ደግሞ ምን ጠፋብሽ?»

«አንድ ፍትሐት።»

ምን እንደሆነ አስረዳችው። ዋፉላ ባርኔጣውን አወለቀ። «አዝናለሁ። ግን ተመልከቺ። ሽማግሌው ልጃቸው ሞቶባቸዋል። ይህ የመጨረሻ ሥራዬ ነው ሲሉ ጎረቤት ሰምቷል። ጫማቸውን አውልቀው በር ላይ አስቀምጠዋል። ሥዕላቸውን በጨርቅ ሸፍነዋል። ተሰናብተው ነው የሄዱት።»

«ጫማውን ሁልጊዜ ነው የሚያወልቀው» አለች ናፍቆት። «እዚህ ክፍል በጫማ አይገባም። ኤልናታን አንድ ቀን ጫማ አላወልቅም ብሎ ገብቶ፣ አባቴ ወለሉን በሙሉ ካላጠበ ብሩሽ አልነካም አለ።»

አያልነሽ ጫማዋን አወለቀች።

ክፍሉ ሳሎን ነበር፤ አሁን ግን ከሥዕሉ በቀር ምንም የለበትም። እመቤታችን የተሣለችበት፣ በእንጨት የተወጠረው ሸራ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ከግድግዳው ተደግፎ በቀጥታ ወደ ሰገነቱ በር ዞሯል። ሲያልቅ ከእንጨቱ ተፈትቶ በአዲሱ ቤተ ክርስቲያን መቅደስ ላይ ሊለጠፍ ነበር፤ ለፍልሰታ በዓል። አሁን ከላይ እስከ ታች ነጭ አቡጀዲ ተጥሎበታል።

«ማን ነው የሸፈናት?»

«ስንገባ እንዲሁ ነበረች» አለ ዋፉላ።

አያልነሽ የጨርቁን ጠርዝ በሁለት ጣት ያዘችና ሳብ አደረገችው። ከላይ እንደ መጋረጃ ይንቀሳቀሳል። ከታች በቀኝ ጥግ ግን እምቢ አለ፤ ከሸራው ጋር ተጣብቋል። አጎንብሳ በስልኳ መብራት አየችው። ከጨርቁ ጠርዝ ላይ አውራ ጣት የሚያህል ቡኒ እድፍ አለ። ረጅም ጊዜ ተመለከተችው፤ ከዚያ ዋፉላን ጠርታ በጆሮው አንድ ነገር አለችው። ዋፉላ «ይህን ጨርቅ ማንም አይንካ» ሲል ለፖሊሱ ትእዛዝ ሰጠ።

ከሥዕሉ አጠገብ ቀለም መደባለቂያው እንጨት ተቀምጧል። ሦስት ቀለም ብቻ ወጥቶበታል፤ ቡኒ፣ ነጭ፣ ጥቁር። የእመቤታችን ልብስ ሰማያዊ በቱቦው እንደታሸገ ነው።

«ሥዕሉን ከመሸፈኑ በፊት አይተሽዋል?»

ናፍቆት እሑድ ያነሣችውን ፎቶ ከስልኳ ላይ አወጣች። ማርያምና ልጇ ተጠናቀዋል። ሁለቱ መላእክትም። ከእግሯ ሥር፣ በቀኝ ጥግ፣ ግንባሩን ወደ መሬት የደፋ ሰው አለ። ፊቱ ገና አልተለየም፤ ጢምም ፀጉርም የለውም። በጎን የተሣለ ሲሆን ዓይኑ አንድ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግ ሰው በሁለት ዓይን፣ ክፉ ሰው በአንድ ዓይን እንደሚሣል ሕፃንም ያውቃል።

«ይህ ማን ነው?»

«ጠይቄው ነበር። "ራሱን ያውቃል" አለኝ። አባቴ የሚያውቀውን ሰው እንዲህ አድርጎ ሥሎ አያውቅም። ሦስት ሳምንት ሆነው እንዲህ ከሆነ።» ድምፅዋን ቀነሰች። «ከዚያ ከሱራፌል መኪና በሕይወት የወጣ ልጅ መጥቶ ነበር። ወደ ሞያሌ ሊመለስ ሲል ሊሰናበተን። ብቻቸውን ተነጋገሩ። ከዚያ ወዲህ አባቴ በቅጡ አልበላም።»

«ልጆቹ ናይሮቢ የት ነበር ያረፉት?»

«ኢስትሊ፣ ሱፍዋን የሚባል ሰው አልጋ ቤት።»

ሰገነቱ ላይ የቀለም ማጠቢያ ቆርቆሮ አለ። ሦስት ብሩሽ ተነክሮበታል። ሁለቱ ነጽተዋል። ሦስተኛው፣ ከሁሉም ቀጭኑ፣ ጫፉ ታጥቦ ሥሩ ቡኒ እንደሆነ ቀርቷል። ከጎን ሰገነት ላይ ማማ አቺዬንግ የምትባል ጎረቤት ልብስ ታሰጣለች።

«ትናንት ምን አየሽ ማማ?»

«ሲወድቁ አላየሁም፤ እግዜር ይመስገን። ዐሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ግን በበራቸው አልፌአለሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ሁለት ጥንድ ጫማ ነበር። የባባ ሰንደልና ትልቅ ጥቁር ጫማ። ስመለስ ጥቁሩ የለም።»

ዋፉላ ማስታወሻውን ዘጋ። «ጫማ ማውለቅን ነፍሰ ገዳይ አያደርገውም ማዳም። እንግዳ ነው የሚያደርገው።»

«እስከ ነገ አራት ሰዓት ጠብቀኝ» አለችው።

ቀሲስ ብርሃነመስቀልን ከቅዳሴ ሲወጡ አገኘቻቸው። ዓይናቸው ከእንባ ነው ወይስ ከጾም፣ ቀልቷል።

«አባ፣ የጋሽ ሀብተወልድ የንስሐ አባት ነዎት። በመጨረሻው ሳምንት ምን አሉዎት?»

«እሱን አትጠይቂኝ።»

«ራሳቸውን ያጠፋሉ ብለው ያምናሉ?»

«ረቡዕ እግሬ ሥር የነበረ ሰው ሐሙስ ራሱን ይጥላል ብዬ አላምንም። ግን የእኔ ማመን ማስረጃ አይደለም። ነገ ፍትሐት ባደርግ፣ የፖሊስ ወረቀት ደግሞ ሌላ ቢል፣ ምእመኑ ሀብታም ሲሆን ይፈታል፣ ድኻ ሲሆን ይታሰራል ይለኛል። ሀብተወልድ እንኳ ሀብታም አልነበረም።» ፊታቸውን አዞሩ። «ወረቀቱን አምጪልኝ ልጄ። ለምኜሻለሁ።»

ሔኖክ ከግቢው አጥር ሥር በነጭ ስኒከሩ ድንጋይ ይገፋል። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ዐሥሩን ከሽማግሌው ጋር ሠርቷል።

«ሐሙስ ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ማነው ያለው? እሺ፣ ተጣልተናል። ያንን አንድ ዓይና ሰውዬ አየሁት። እኔን ነው የሣሉት ብዬ አሰብኩ።»

«ለምን አንተን?»

ድንጋዩን በኃይል መታው። «የእሳቸውን ሥዕሎች እየገለበጥኩ፣ በጭስ አስረጅቼ ለኤልናታን ሰጥቻለሁ። የጥንት ነው ብሎ ለፈረንጅ ይሸጠዋል። አወቁብኝ። ጮህኩባቸው። "በእመቤታችን ፊት አዋረዱኝ" አልኳቸው። ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? "ሔኖክ፣ አንተን ብሥልህ ጆሮህን አስረዝመው ነበር፤ ምክር አይገባህማ።" ሳቁ። እያለቀስኩ ወጣሁ።» እንደገና አለቀሰ።

«እርጥብ ሥዕል ላይ ጨርቅ ይጣላል?»

ሔኖክ እንባው ፊቱ ላይ እያለ እንደ እብድ አያት። «የዘይት ቀለም ላይ? በዚህ የነሐሴ ብርድ? ጋሼ ሥዕል እስኪደርቅ ቤት እንኳ አያስጠርጉም፤ አቧራ ይይዛል ብለው።»

ኤልናታን ሁርሊንግሃም ካለው የሥዕል መሸጫው ደጅ ላይ ወተት የበዛበት ማኪያቶ ይጠጣል። የጴንጤ ልጅ ነው፤ ናይሮቢ ያደገ፣ ጥቁር የቆዳ ጫማው የሚያብረቀርቅ።

«ሲስተር፣ ኦነስትሊ፣ ሽማግሌውን አከብራቸው ነበር። ግን ሥዕል ለእኔ ሸራና ቀለም ነው። እሳቸው ደግሞ በር ላይ ጫማህን አውልቅ ይሉኛል። ሐሙስም እንዲያው ደጅ ቆሜ ነው ያወራኋቸው።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ሔኖክ ኮፒዎች። በዓሉ ላይ ለሕዝብ እናገራለሁ አሉ። ሳዋ፣ እሺ ይናገሩ! የእኔ ደንበኞች ቤተ ክርስቲያን አይመጡም።»

«አልፈራህም?»

«ትንሽ» አለና ማኪያቶውን አስቀመጠ። «ግን ሰው ከፎቅ የምጥል አልመስልሽም፣ አይደል?»

«ማንም አይመስልም» አለችው።

ከዚያው መንገድ ላይ የአቶ ባንታየሁ ምግብ ቤት አለ። የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው፤ ሥዕሉንም በራሳቸው ወጪ የሚያሠሩት እሳቸው ናቸው። ስልሳ ሊሞላቸው ነው። ሰባት ሰዓት ቢሆንም ውኃ እንኳ አልቀመሱም፤ ከንፈራቸው ደርቋል። የሠዓሊው ስም ሲነሣ የምር አለቀሱ።

«እንደ ወንድሜ ነበሩ። ወይዘሮ አያልነሽ፣ ለምን ዝም ብለን አንቀብራቸውም? ፖሊስ ሲገባ ጋዜጣ ይገባል። ቤተ ክርስቲያናችን መጫወቻ ትሆናለች።»

«ፍትሐቱስ?»

«እግዚአብሔር ያውቃቸው የለ?»

«ሐሙስ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«እዚሁ፣ ወንበሬ ላይ።» ውኃ ይዛ ያለፈችው አስተናጋጅ ወደ መሬት አየች።

«ሥዕሉንስ አይተውታል?»

«እስኪመረቅ አላይም ብያለሁ። ሲመረቅ ከሕዝቡ ጋር ነው የማያት።»

የቀኝ እጃቸው አውራ ጣት ጫፍ በድስት ማጠቢያ ሽቦ የታሸ ያህል ተልጦ ቀልቷል። አያልነሽ እንዳየችው ሲያውቁ «የጋለ ድስት ነክቼ ነው» አሉና እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ከተቱ።

ሲመሽ ኢስትሊ ደረሰች። ሱፍዋን ከአልጋ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር። ስለ ልጆቹ ስትጠይቀው ተነሥቶ ወደ አንድ ክፍል ወሰዳት።

«ሰባት ነበሩ። ሁለት ሳምንት እዚህ ተኙ። አንዱ ግድግዳዬ ላይ በከሰል ይህን ሣለብኝ።» ክንፉን የዘረጋ መልአክ ነበር፤ ዓይኖቹ እንደ ሀብተወልድ መላእክት ትላልቅ። «ለዚህ ኪራይ አልቀንስልህም ስለው ሳቀ። እንደሞቱ ከሰማሁ ወዲህ ላጠፋው ቀለም ገዝቻለሁ። እጄ እምቢ አለኝ።»

«ማን ነበር ያመጣቸው?»

«ዘመዶቼ ናቸው አለኝ። ስሙን አልነገረኝም። ለጭነት መኪናውም አሳልፎ የሰጣቸው እሱ ነው። ምንጣፌ ላይ በጫማው ቆመ። ፊቱን ባየው አልስተውም።»

«ነገ አራት ሰዓት ካሳራኒ ይመጡልኛል?»

«ኧረ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ የማርያም ሥዕል ጋ ምን አገባኝ?» አለ። ከዚያ ግድግዳውን አየ። «እመጣለሁ።»

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ሁሉም በሥዕሉ ፊት ቆሙ። ናፍቆት በጥቁር ልብስ፣ ቀሲስ ብርሃነመስቀል መስቀላቸውን ይዘው፣ ሔኖክ፣ አቶ ባንታየሁ። ኤልናታን በሩ ላይ ትንሽ ካንገራገረ በኋላ ጫማውን አወለቀ። ዋፉላ ከሰገነቱ በር ጋር ቆሟል። ሱፍዋን ገና አልመጣም። ቀብሩ ሊደርስ የቀረው አምስት ሰዓት ነው።

«አጭር አደርገዋለሁ» አለች አያልነሽ፤ ለዋፉላም በእንግሊዝኛ እየደገመችለት። «ጋሽ ሀብተወልድ ራሳቸውን አልጣሉም። ሲሞቱ ብሩሽ እያጠቡ ነበር። ሦስተኛውን ግማሽ አድርሰውታል። ሊሞት የወሰነ ሰው ብሩሽ ላያጥብ ይችላል፤ ሊያጥብም ይችላል። ጀምሮ በመሐል ግን አይተወውም።»

«ሊሆን ይችላል» አለ ዋፉላ። «ለፋይል ግን አይበቃኝም።»

«ይህ ጨርቅ ይበቃሃል። ሥዕሉ ታች ጥግ ላይ እርጥብ ነበር። አርባ ዓመት የሣለ ሰው እርጥብ ቀለም ላይ አቡጀዲ አይጥልም። ሔኖክ፣ አንተስ ትጥላለህ?»

«እጄ ይቆረጥ!»

«ስለዚህ የሸፈናት ሌላ ሰው ነው፤ ሠዓሊም አይደለም። ለምን ሸፈናት? ዞር በሉ። ከእሷ ፊት ለፊት ያለው ምንድን ነው?»

ሁሉም ዞሩ። ሰገነቱ ነበር።

«ሽማግሌው እዚያ ጎንበስ ብለው ብሩሽ ያጥባሉ። እንግዳው እዚህ ብቻውን ቆሟል። ሊያደርግ ያሰበውን ያውቃል። ሰውን የሚፈራ ገዳይ መጋረጃ ይዘጋል፤ በር ይቆልፋል። ይህ ሰውዬ በሩን ገርበብ አድርጎ ትቶ እሷን ሸፈነ። የፈራው እንዳታየው ነው።»

ኤልናታን ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ እኔ ወጣሁ ማለት ነው። ለእኔ ሸራና ቀለም ነች።»

«አዎ። አንተ ብትሆን አትሸፍናትም፤ ጫማህንም በር ላይ አታወልቅም። ማማ አቺዬንግ በሩ ላይ ጥቁር ጫማ አይታለች። ሰው ሊገድል መጥቶ እንኳ ጫማውን ያወለቀ ሰው ነው። ጾሙን ያልገደፈ፣ የሚያምን ሰው።»

«እኔም አምናለሁ» አሉ ቀሲስ ብርሃነመስቀል በቀስታ። «ሠዓሊም አይደለሁም።»

«እርስዎ በዚያ ሰዓት ከአርባ ሰው ጋር ሠርክ ጸሎት ላይ ነበሩ አባ። ናፍቆትም አየር ማረፊያ ነበረች። ዘበኛው በእግር የገባውን ሁሉ ጽፏል፤ ከዐሥር ተኩል በኋላ ማንም የለም። ይህ ሰው በመኪና ነው የመጣው።» ወደ አቶ ባንታየሁ ዞረች። «እጅዎን ከኪስዎ ያወጡልኛል?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«የዘይት ቀለም በሳሙና አይለቅም። ጨርቁን ወደ ታች ሲያስተካክሉ አውራ ጣትዎ ነካው። ቤትዎ ገብተው ቆዳዎ እስኪላጥ ፈገፈጉት። ከጣትዎ ለቀቀ። ከጨርቁ ግን አልለቀቀም፤ አሻራዎ ጠርዙ ላይ ነው።»

«ባዶ ወሬ ነው! ምን አድርገውኝ ነው የምገድላቸው?»

በዚህ ጊዜ ሱፍዋን ጫማውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ደረሰ። «ይቅርታ፣ ማታቱ ታክሲው ዘግይቶብኝ ነው» አለ። ከዚያ አቶ ባንታየሁን አየ። ሰላምታ አልሰጠም። «እሱ ነው። ልጆቹን ያመጣው እሱ ነው» አለ።

ናፍቆት ግድግዳውን ያዘች።

«ጋሽ ሀብተወልድ ከሦስት ሳምንት በፊት ነው ያወቁት» አለች አያልነሽ። «ልጃቸውን ለዚያ መኪና የሰጠው ሰው፣ ይህን ሥዕል የሚያሠራው ሰው ነው። ሥዕል ያሠራ ሰው ከእግሯ ሥር እንደተማጠነ ይሣላል፤ ልማድ ነው። እሳቸውም ሣሉዎት። በአንድ ዓይን። በዓሉ ላይ ሕዝቡ ሁሉ አይቶ ለምን ብሎ ሊጠይቅ ነበር። አይተውታል አቶ ባንታየሁ። እሑድ እዚህ እንደነበሩ ናፍቆት ነግራኛለች፤ ራሳቸው ናቸው ያሳዩዎት።»

«ለመንኳቸው» አሉ ባንታየሁ። ድምፃቸው የሌላ ሰው ሆነ። «ተንበርክኬ ለመንኳቸው። ልጆቹ እንደሚሞቱ አላወቅሁም። ይህን ቤተ ክርስቲያን የማሠራው ለምን ይመስላችኋል? እሳቸው ግን ዝም አሉ። መብራቱን ወደ ፊቴ አስጠግተው ትክ ብለው አዩኝ።»

«ሐሙስ ሲገቡስ ምን አሉዎት?»

«"ግባና እያት፤ ብሩሼን አጥቤ እመጣለሁ" አሉኝ።»

«አዩ?»

«ሊሳለቁብኝ መሰለኝ። ቀና ማለት አቃተኝ። ጨርቁን አነሣሁና… ዓይኔን ጨፍኜ ነው የጣልኩባት።»

አያልነሽ ወደ ሔኖክ ዞረች። «ቀለም መደባለቂያው ላይ ያለው ቡኒ፣ ነጭና ጥቁር ብቻ ነው። በዚህ ምን ይሣላል?»

«ፊትና ዓይን» አለ ሔኖክ።

«ሐሙስ ዕለት በዚህ ሥዕል ላይ ዓይን የጎደለው ማን ነበር?»

ሔኖክ ወደ ሥዕሉ ቀረበ። ዋፉላ ራሱን ሲነቀንቅለት ተንበርክኮ ጨርቁን ከታች ጥግ፣ ክር በክር ያህል፣ ማላቀቅ ጀመረ። ጨርቁ ሲለቅ ትንሽ ቀለም ይዞ መጣ። የቀረው ግን ይበቃ ነበር።

በጥጉ የተሣለው ሰውዬ ከመሬት ቀና ብሏል። ጢሙ፣ ወፍራም ቅንድቡ፣ ሰፊ ግንባሩ የባንታየሁ ነው። ፊቱ ወደ ተመልካቹ ዞሯል፤ ሁለት ዓይን አለው። ጎድቶ ያለፈው ጨርቅ ሁለተኛውን ዓይን በመጠኑ አጥፍቶታል።

ቀሲስ ብርሃነመስቀል መስቀላቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። «ረቡዕ…» አሉ።

«ምንም አይበሉ አባ» አለች አያልነሽ። «የንስሐ ነገር ነው። እሳቸው በቀለም ተናግረውታል።»

ባንታየሁ በጉልበታቸው ወደ ሥዕሉ ሄዱ። ሊነኩት እጃቸውን ዘረጉ፤ መልሰው ሰበሰቡት። «መቼ ነው ይህን የሣሉት?»

«ሐሙስ ከሰዓት በኋላ። እርስዎ ሲያንኳኩ ጨርሰው ነበር።»

ዋፉላ ክንዳቸውን ይዞ ሲያነሣቸው እንደ ሕፃን ተነሡ። ዋፉላ በሩ ላይ ቆሞ ወደ ቄሱ ዞረ። አማርኛ አያውቅም፤ ፍትሐት የምትለዋን ቃል ግን ከትናንት ይዟታል። በእንግሊዝኛ አስረዳቸው፤ አሻራው እንደተመሳከረ ፋይሉ ይቀየራል፣ ወረቀቱን ግን አሁኑኑ ፈርሞ ይሰጣቸዋል። ራስን ማጥፋት አይልም። ግድያ ይላል።

«ተመስገን!» አለች ናፍቆት።

ከአፏ ያመለጣት በሙሉ ድምፅ ነበር። ሁሉም ዞረው አዩዋት። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በላንጋታ መቃብር ቀሲስ ብርሃነመስቀልና ሁለት ዲያቆናት ፍትሐቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ አንድ ቃል ሳያስቀሩ አደረሱ። ካፊያ ጀምሮ ነበር። ሕዝቡ ብዙ ነው፤ ወሬው ከሬሳው ቀድሞ ደርሷል። ሔኖክ ከሳጥኑ ተሸካሚዎች አንዱ ሆነ። ኤልናታን ከሩቅ፣ ከመኪናዎቹ አጠገብ ቆመ። ሳጥኑ ወርዶ ሰው መበተን ሲጀምር ናፍቆት ወደ አያልነሽ ቀረበች።

«እትዬ፣ ሰምተውኛል አይደል? ሰው ነው የገደለው ሲሉኝ ተመስገን አልኩ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ሁለት ቀን ሙሉ የጸለይኩት እሱን እኮ ነው። አባቴን ሰው ገድሎት ይሁን ብዬ። ተሰማልኝ። አባቴ ይቅር ብሎ አረፈ፣ እኔ ደግሞ… ምን ዓይነት ልጅ ነኝ?»

አያልነሽ ማን እንደገደለ፣ መቼ፣ በምን ምክንያት እንደሆነ መናገር ትችላለች። ሃያ ዓመት የተማረችው ይህን ነው። ይህ ግን የመርማሪ ጥያቄ አልነበረም።

«ልጃቸው ነሽ» አለቻት።

ናፍቆት አጎንብሳ ከቀዩ አፈር አንድ እፍኝ ዘገነች። ወደ ጉድጓዱ ልትጥለው እጇን ዘረጋች፤ ጣቶቿ ግን አልተፈቱላትም። ቆፋሪዎቹ ሞልተው፣ በአካፋ ጀርባ ደልድለው፣ ዕቃቸውን ሰብስበው እስኪሄዱ ድረስ አፈሩን በእጇ ጨብጣ በካፊያው ውስጥ ቆመች።